ስታንገርን በአንድ ቀን፦ ከደርባን ተነስቶ የሸንኮራ አገዳዋን ከተማ አይቶ ለመመለስ

ደርባን ስለምኖር ስልኬ በዚህ ጉዳይ አያርፍም። ከጆሀንስበርግ ለዕቃ የመጣ ነጋዴ ይደውላል። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣች የጓደኛ እህት ትደውላለች። «ባሕሩን አየነው፣ አንድ ቀን ተርፎናል፣ ወዴት እንሂድ?» ስታንገር ሂዱ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ስልክ ላይ ነኝ፦ የት ይወረዳል፣ ምን ይለበሳል፣ ጾመኛ ምን ይበላል፣ ስንት ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ስታንገር ከደርባን በስተ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በሸንኮራ አገዳ የተከበበች ከተማ ናት። የዙሉው ንጉሥ ሻካ የመጨረሻ መቀመጫ እዚሁ ነበር፤ የተገደለውም የተቀበረውም እዚሁ ነው። ከ1860 ጀምሮ ለአገዳው እርሻ በኮንትራት የመጡት ሕንዶች ልጆችና የልጅ ልጆችም እዚሁ ይኖራሉ። በአንድ መንገድ ላይ የዙሉ ንጉሥ መቃብር፣ የሕንድ ጨርቅ ቤትና አገዳ የጫነ ከባድ መኪና ታያላችሁ። በእግር ተሂዶ የሚያልቅ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉን ካልጠበቃችሁ ግን ቀኑ ያልቅባችኋል።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ የከተማዋ ስም ሁለት ነው። ከ2006 ጀምሮ ሕጋዊ ስሟ ክዋዱኩዛ ነው፤ ካርታና የመንገድ ምልክት የሚጽፈው ይህንን ነው። ታክሲ ተራ ላይ የምትሰሙት ግን «ስታንገር» ነው። ሁለቱንም ካላወቃችሁ በአጠገባችሁ የሚያልፈውን መኪና «የእኛ አይደለም» ብላችሁ ትለቁታላችሁ። ከእሷ በፊት ያለችው ቶንጋትም እንዲሁ ናት፤ በምልክቱ ላይ ኦቶንጋቲ ተብላ ትጻፋለች።

ሁለተኛ፣ ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ስል እነሱ 7 የሚሉትን ማለቴ ነው። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የመጣችሁ ደግሞ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ ወይም እዚህ አገር የምትኖሩ ከሆነ የመኖሪያ ወረቀታችሁ። መንገድ ላይ ፍተሻ ሊገጥማችሁ ይችላል።
- ጥቃቅን የራንድ ብርና ሳንቲም። ለታክሲና ለመንገድ ዳር ግዢ ባለ 200 ኖት አይሆንም።
- በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ንጹሕ ካልሲ፣ ጫማውን የምትይዙበት ፌስታል።
- ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ ለሴቶች አንድ ሻሽ ወይም ስካርፍ። ቀለሙ ጠቆር ይበል፤ ምክንያቱን ስለ አገዳው ስናወራ ታዩታላችሁ።
- ኮፍያ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ለአንድ ሰው 1.5 ሊትር ውሃ።
- እርጥብ ሶፍት። ምሳው በእጅ ነው።
- ስልካችሁ ላይ ቀድሞ የወረደ ካርታና ሙሉ ቻርጅ። የምታድሩ ከሆነ የደቡብ አፍሪካውን ወፍራም ባለ ሦስት ክብ እግር ሶኬት የሚቀበል አዳፕተር።
- ከኢትዮጵያ ለምትመጡ፦ ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ካርዱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጠየቃል፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይሁን።

የወባ መድኃኒት ለዚህ ጉዞ አያስፈልግም። የወባው ስጋት ያለው በጣም ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞዛምቢክ ድንበር ስትጠጉ ነው።

1. ቀኑን ምረጡ

ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሁን። ቅዳሜ፣ በተለይ በወር መጨረሻ ደመወዝ በወጣ ሰሞን፣ ከተማዋ ትጨናነቃለች፤ ታክሲ ለመያዝ ብቻ ሰልፍ ትቆማላችሁ። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ሙስሊም ነጋዴዎች ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጉ ምሳችሁንና ግዢያችሁን አንድ ላይ ታጣላችሁ።

ወቅቱን መምረጥ ከቻላችሁ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጥሩ ነው። የእነሱ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ያንሳል፣ ሙቀቱ ቀላል ነው፣ አገዳውም እየተቆረጠ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሆነ የደጋ ሰው ይቸገራል።

በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 24 የሻካ መታሰቢያ ቀን ነው። የዙሉ ባህላዊ ልብስ የለበሰ ሕዝብ ወደ መቃብሩ ይጎርፋል። ማየት ለሚፈልግ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። መቃብሩ ዘንድ ረጋ ብዬ ልቁም ለሚል ግን የተሳሳተ ቀን ነው።

2. ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ሙዚየሙ ደውሉ

ከስታንገር አጠገብ ግሩትቪል ያለው፣ የኖቤል የሰላም ተሸላሚው የአልበርት ሉቱሊ ሙዚየም ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ይዘጋል። የትምህርት ቤት ልጆች በብዛት የሚመጡበት ቀንም አለ። ስልካቸውን ከራሳቸው ድረ ገጽ ወስዳችሁ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ፤ የሚያስጎበኝ ሰው እንዲጠብቃችሁም ጠይቁ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሳልደውል ሄጄ የብረት በር ይዤ ቆሜያለሁ። ዘበኛው አዝኖልኝ ውሃ ሰጠኝ እንጂ አላስገባኝም።

3. መጓጓዣ

በሚኒባስ ታክሲ ከሆነ፦ ደርባን መሃል ዋርዊክ አካባቢ ካሉት ተራዎች ትነሳላችሁ። «ስታንገር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰው እጃችሁን ይዞ እስከ መኪናው ያደርሳችኋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ድረሱ። መኪናው ሳይሞላ አይነሳም፤ ጠዋት ግን ቶሎ ይሞላል።

አከፋፈሉ ከእኛ ይለያል። ብዙ ጊዜ ወያላ የለም። ሒሳቡ ከኋላ ወንበር ጀምሮ በተሳፋሪው እጅ ወደ ፊት ይተላለፋል። ከሹፌሩ ጎን ወይም ከኋላው የተቀመጠው ሰው ይቆጥራል፣ መልስ ያከፋፍላል፣ ለሹፌሩ ያስረክባል። ስለዚህ ፊት ወንበር ባዶ ነው ብላችሁ ደስ ብሏችሁ አትቀመጡ። የአሥራ አምስት ሰው ሒሳብ በማታውቁት ቋንቋ እያስላችሁ ትጓዛላችሁ። ደርሶብኛል፣ ሁለት ራንድ ጎድሎ ከኪሴ ሞላሁ። መሃል ወንበር ያዙ።

በመኪና ከሆነ፦ መኪና በግራ መስመር ነው የሚነዳው። ለኢትዮጵያ ሹፌር ከባዱ ቀጥታው መንገድ አይደለም፤ ከማደያ ስትወጡና አደባባይ ስትገቡ ነው የለመድነው እጅ የሚያታልለን። አብሯችሁ የተቀመጠው ሰው በየመታጠፊያው «ግራ!» ይበላችሁ። መኪና አከራዮች ስለ መንጃ ፈቃዳችሁ የሚጠይቁት ይለያያል፤ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ከመጣችሁ ክርክር የለም። ሰው አቅጣጫ ሲነግራችሁ «ሮቦቱ ጋ ታጠፉ» ካለ አትደንግጡ፤ የትራፊክ መብራት ማለቱ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። ኤን2 ፈጣኑ አውራ ጎዳና ነው፤ ክፍያ አለው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አር102 አሮጌው መንገድ ነው፤ በቶንጋትና በአገዳው መሃል ያልፋል፣ ቀስ ያለ ነው። ስትሄዱ በአር102፣ ስትመለሱ በኤን2 ሁኑ። ጠዋት ዓይናችሁም ጉልበታችሁም ትኩስ ነው፤ ማታ ደክሟችሁ ከአገዳ ጫኝ ኋላ መጎተት አትፈልጉም።

4. ቶንጋት ላይ መቅደሱን እዩ (መኪና ላላችሁ)

በሚኒባስ የምትሄዱ ይህን ዝለሉት። መሃል መንገድ ወርዳችሁ ሌላ መኪና እስክታገኙ ጠዋቱ ያልፋል።

ቶንጋት ውስጥ በ1901 የተሠራ የጃገናት ፑሪ የሂንዱ መቅደስ አለ፤ ከሩቅ እንደ ነጭ ማማ ይታያል። ሕንዶቹ ከአገዳው ማሳ በሚያገኙት ደመወዝ ምን እንዳቆሙ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የመጀመሪያዎቹ በኖቬምበር 16 ቀን 1860 ትሩሮ በምትባል መርከብ ደርባን ሲደርሱ ኮንትራታቸው የአምስት ዓመት ነበር። እስከ 1911 ድረስ 152,000 ያህል ሰው በዚሁ መንገድ መጥቷል። ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ሥርዓቱ ለእኛ አይከብድም፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ስንገባ የምናደርገው ነው። ጫማ አውልቁ። ትከሻ ሸፍኑ። ሥጋ ያለበት ምግብ ይዛችሁ አትግቡ፤ የከብት ሥጋ ደግሞ በፍጹም፣ ላም ለእነሱ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። የውስጡን ምስል ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ካህኑ የተባረከ ጣፋጭ ወይም ፍራፍሬ ሊሰጣችሁ ይችላል። የምትቀበሉ ከሆነ በቀኝ እጅ ተቀበሉ። በእምነታችሁ የማይሆን ከሆነ ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አመስግኑ፤ ማንም አይቀየምም። ተቀብሎ ውጭ ወስዶ መጣል ግን ነውር ነው።

5. ስታንገር ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ሻካ መታሰቢያ

መታሰቢያው በሻካ ስም በተሰየመው ዋና መንገድ ላይ፣ መሃል ከተማ ነው። ከታክሲ ተራው በእግር ይደረሳል። ጠዋት የምትሄዱበት ምክንያት ሁለት ነው፦ ጥላ ቀትር ላይ ይሳሳል፣ ከሰዓት ደግሞ መንገዱ በሰውና በመኪና ጩኸት ይሞላል።

ትልቅ ሐውልት አትጠብቁ። አጥር ያለው ትንሽ የሣር ግቢ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ድንጋይ የቆመው በ1932 በዙሉዎቹ ንጉሥ በሰለሞን ካዲኑዙሉ ዘመን ነው። ሻካ በሴፕቴምበር 1828 በወንድሞቹ በዲንጋኔና በምህላንጋና እጅ ሲገደል፣ አስከሬኑ የተቀበረው የእህል ጉድጓድ ውስጥ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያው አጠገብ ሲገደል ተቀምጦበት ነበር የሚባለውን ድንጋይ ያሳዩዋችኋል። ከኋላ ያለችው ትንሽ የማሳያ ክፍል መጀመሪያ ትታይ፤ አለበለዚያ ግቢው «ይሄው ነው?» ብላችሁ የምትወጡበት ቦታ ይሆናል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ቦታው ለጎብኚ ፓርክ ቢመስልም ለዙሉዎቹ መቃብር ነው። ኮፍያ አውልቁ። ድንጋዩ ላይ አትቀመጡ፣ አትደገፉ። ጦርና ጋሻ የያዛችሁ መስላችሁ ፎቶ አትነሱ። በዕድሜ የገፋ ሰው ቆሞ ሲያነበንብ ካያችሁ እስኪጨርስ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ የአያቶቹን ስም እየጠራ ሊሆን ይችላል።

ሰላምታ ከጥያቄ ይቀድማል። ለአንድ ሰው «ሳኡቦና»፣ ለብዙ ሰው ወይም ለአክብሮት «ሳኒቦናኒ» በሉ፤ ምላሹ «ዬቦ» ነው። ምስጋና «ንጊያቦንጋ» ነው። ትልቅ ወንድ «ባባ»፣ እናት የምትሆን ሴት «ማማ»፣ አሮጊት «ጎጎ» ትባላለች። የሚሰጣችሁን በሁለት እጅ ተቀበሉ፤ ይህን እንኳ ከቤታችሁ ይዛችሁ መጥታችኋል። በሕንዶቹ ሱቅ ደግሞ እንግሊዝኛ ይበቃል። ባለ ሱቋን «አንቲ»፣ ሽማግሌውን «አንክል» ካላችሁ ዋጋው ባይቀንስም ፊት ይፈታል።

6. ምሳ፦ በኒ ቻው እንዴት ይታዘዛል፣ እንዴት ይበላል

ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሠራተኛው ሰልፍ ይመጣል።

በኒ ቻው የደርባን ሕንዶች ምግብ ነው። ዳቦ ይቆረጥና ሆዱ ይወጣል፤ በባዶው ውስጥ ትኩስ ወጥ ይሞላበታል። የሚታዘዘው በዳቦው መጠን ነው፦ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ሩብ ለአንድ ሰው በቂ ነው። ግማሽ ያዘዘ ሐበሻ ጨርሶ ሲነሳ እስካሁን አላየሁም። «ሩብ መተን» ካላችሁ የበግ ነው የሚመጣው።

አበላሉ ሥርዓት አለው። ከሆዱ የወጣው የዳቦ ቁራጭ ከላይ እንደ ክዳን ተደርጎ ይመጣል። መጀመሪያ እሱን እየቆረሳችሁ ወጡን አጥቅሱ። ቀጥሎ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ዙሪያውን እየቆረሳችሁ ውረዱ። ከጎን ከጀመራችሁ ግድግዳው ይፈርስና ወጡ ጭናችሁ ላይ ነው። በሹካ መብላት ይቻላል፣ ግን ዞር ብለው ያዩዋችኋል። እንጀራ በእጁ የበላ ሰው ይህን ለመማር ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ቃሪያውን ግን አትናቁት። በርበሬ ለምዶ ያደገ ጓደኛዬ «ምን ታመጣለች» ብሎ ጎርሶ ሳይናገር ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥቷል።

ለጾመኞች፦ «ቢንስ በኒ» የሚባለው በቦሎቄ የሚሠራው ነው። ነገር ግን የእነሱ «ቬጂቴሪያን» እና የእኛ ጾም አንድ አይደሉም። ሂንዱዎች ሥጋ ቢተዉም ወተትና ቅቤ ይበላሉ፤ ወጡ ላይ የተነጠረ ቅቤ፣ «ጊ» የሚሉት፣ ሊኖር ይችላል። «ጊ አለው? ወተት አለው?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። «ጾም ነው?» ብትሉ የሚሰጧችሁ መልስ ስለ እነሱ ጾም ነው።

ስለ ሥጋው፦ ስታንገር ውስጥ ብዙው ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት የሙስሊም ነው፤ በሩ ላይ ሐላል የሚል ጽሑፍ አለ። የክርስቲያን እርድ ካልሆነ አልበላም የምትሉ ዓሣ ወይም ቦሎቄ እዘዙ። ሙስሊሞች ደግሞ ከደርባን ወጥታችሁም ምግብ አትቸገሩም።

7. ከምሳ በኋላ ግሩትቪል

ግሩትቪል ከስታንገር ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። የአካባቢ ሚኒባስ አለ፤ «ሉቱሊ ሙዚየም» ብላችሁ ለሹፌሩ አስቀድማችሁ ንገሩት። ካለፈ በኋላ ብትጮኹ ቀጣዩ ማቆሚያ ሩቅ ነው። መኪና ያላችሁ ጠዋት ወደ ስታንገር ስትገቡ በበሩ ታልፋላችሁ። ያኔ አትግቡ። ልጅ እያለሁ የማውቀውን ሰው ቤት እንደ መጎብኘት ያለ ነገር ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሻካ ግቢ ግን ጠዋት ካልሆነ አይሆንም።

ቤቱ በ1927 የተሠራ የአልበርት ሉቱሊ መኖሪያ ነው። ሉቱሊ የ1960ን የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለ፣ ከአፍሪካም የመጀመሪያው ነው። ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ግን ራሱ አገዳ አብቃይ መሆኑን ነው፤ የጥቁር አገዳ ገበሬዎችን ማኅበር ያደራጀው እሱ ነበር። ጠዋት ያያችሁት ማሳና ይህ ቤት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። አስጎብኚውን ስለዚህ ጠይቁት፤ ካልጠየቃችሁት ስለ ሽልማቱ ብቻ ነግሯችሁ ያልፋል።

ለእኛ ደግሞ አንድ ክር አለ። ማንዴላ በ1962 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ጀምሮ ወደ አገሩ ተጠርቶ ሲመለስ፣ ስለ አፍሪካ ጉዞው ለሉቱሊ ሊነግረው ወደዚህ አካባቢ መጥቶ ነበር። ወደ ጆሀንስበርግ ሲመለስ ኦገስት 5 ቀን ሃዊክ ከተማ አጠገብ በፖሊስ ተያዘ። «ከኢትዮጵያ ነን» ስትሉ አስጎብኚው ፈገግ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

የቆየ የጉብኝት መጽሐፍ ይዛችሁ ከሆነ አንድ ነገር አስተካክሉ። ሉቱሊ በ1967 በባቡር ተገጭቶ ሞተ የሚለው የአፓርታይድ መንግሥት ውሳኔ በ2025 በፍርድ ቤት ተሽሯል። መቃብሩ እዚያው ግሩትቪል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ በጸሎት ሰዓት ከደረሳችሁ ውጭ ጠብቁ።

8. አገዳውን ከመንገድ ላይ እዩ

ይህን ደረጃ ቀልድ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ አረንጓዴ ባሕር ይመስላል፤ ገብቶ ፎቶ መነሳት ያምራል። አትግቡ። አንደኛ፣ የግል መሬት ነው። ሁለተኛ፣ አይጥ ባለበት እባብ አለ፤ በዚህ አገር ማምባና መርዝ የሚተፋ ኮብራ ጭምር ነው። ሦስተኛ፣ እሳት። ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲያልቅ ማሳው ይቃጠላል፤ በእጅ ለሚቆርጠው ሠራተኛ ሥራው የሚቀለው ያኔ ነው። እሳቱ ሲነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ሙሉውን ማሳ ይበላል። ውስጡ የቆመ ሰው አቅጣጫ አያውቅም።

ጠቆር ያለ ልብስ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። ከቃጠሎው በኋላ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር አመድ ከሰማይ ይወርዳል። ስትጠርጉት አይረግፍም፤ ይቀባል። ነጭ ነጠላ ለብሳ የመጣች እንግዳዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋ የፊደል ገበታ መስሎ ተመልሷል። አመድ ካረፈባችሁ በእጅ አትንኩት፣ እፍ በሉት።

የተቆረጠው አገዳ ቶሎ ካልተፈጨ ስኳሩ ይቀንሳል። መኪኖቹ የሚቸኩሉት ለዚህ ነው። ረጅም ናቸው፣ ጎናቸው አገዳ ይጥላል። መንገድ ዳር መኪና አቁማችሁ አትውረዱ። ዳገት ላይ አትቅደሟቸው። የወደቀ አገዳ ለማንሳት መንገድ መሃል የሚገባ ልጅ ታያላችሁ፤ ፍጥነት ቀንሱ። ፎቶ የምትፈልጉ ማደያ ወይም የእርሻ ምርት መሸጫ ግቢ ውስጥ ግቡና ከዚያ አንሱ።

ወንጂ ወይም መተሐራ ያደጋችሁ ከሆነ ሽታውን ገና መስኮት ስትከፍቱ ታውቁታላችሁ። ግሌድሃው የሚባለው የከተማዋ ፋብሪካ ሲፈጭ ያ የተቃጠለ ስኳር ሽታ አየሩን ይሞላዋል። ግቢው ግን የሥራ ቦታ ነው፤ ያለ ቀጠሮ በር ላይ መቆም ዋጋ የለውም።

9. በብርሃን ተመለሱ

በሰኔና ሐምሌ ከ11 ሰዓት በኋላ ይጨልማል። በሚኒባስ የመጣችሁ ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት ስታንገር ታክሲ ተራ ሁኑ። ምሽት ላይ ወደ ደርባን የሚሄድ ሰው ያንሳል፤ መኪናው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ልትቀመጡ ትችላላችሁ፣ ደርባን ስትደርሱም ዋርዊክ በጨለማ የሚወረድበት ቦታ አይደለም።

መኪና ካላችሁና ጊዜ ከተረፋችሁ ብላይዝዴል የባሕር ዳርቻ ቅርብ ነው። ሕይወት አዳኞች በሌሉበት አትዋኙ፤ ካሉም በሁለቱ ባንዲራዎች መሃል ብቻ። የዚህ ባሕር ማዕበል ወደ ውስጥ ይጎትታል። እግር ነክሮ መመለስም መዝናኛ ነው።

ማስጠንቀቂያዎች

ኤቲኤም የምትጠቀሙት የገበያ ማዕከል ወይም ባንክ ውስጥ ይሁን። «ልርዳችሁ» የሚል ሰው ከመጣ ካርዳችሁን አውጥታችሁ ሂዱ፤ ይሉኝታ እዚህ ገንዘብ ያስከፍላል። ስልክ በእጅ ይዞ መንገድ ላይ መሄድ አይቻልም፤ ካርታ ማየት ከፈለጋችሁ ሱቅ ግቡ። ለፖሊስ 10111፣ ለአምቡላንስ 10177፣ ከሞባይል ደግሞ 112 ይሠራል። ቁጥሮቹን ከመነሳታችሁ በፊት መዝግቡ።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

ሁሉንም በአንድ ቀን ማለት። ቶንጋት፣ ስታንገር፣ ግሩትቪልና ባሕሩ በሚኒባስ በአንድ ቀን አይሆንም። መኪና ከሌላችሁ ሻካ፣ ምሳ፣ ሉቱሊ፤ በቃ።

ባሊቶ ላይ መቅረት። መንገድ ላይ ያለች ያማረች የመዝናኛ ከተማ ናት። «ቡና ጠጥተን እንቀጥላለን» ያለ ቡድን አንድም ቀን ስታንገር ደርሶ አያውቅም።

ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት። አገዳ ቆራጩ ሥራ ላይ ነው፤ ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ ሰው በዚያ ሁኔታ መነሳት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። አብዛኞቹ አይፈልጉም።

ሕንዶቹን «ከሕንድ መቼ መጣችሁ?» ብሎ መጠየቅ። አምስትና ስድስት ትውልድ እዚህ የኖረ ሰው ነው። «ቤተሰባችሁ ከየትኛው እርሻ ነው?» ብትሉ ግን ወንበር ይሰጧችኋል፤ ከዚያ በኋላ ሻይ አለ፣ ታክሲው ያመልጣችኋል።

የምታድሩ ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ወደ ሰሜን ቱጌላ ወንዝ አፍ ድረስ ሂዱ። እንግሊዞች በዲሴምበር 11 ቀን 1878 የእንግሊዞችንና የዙሉዎችን ጦርነት ያስነሳውን ማስጠንቀቂያ ለዙሉ ንጉሥ መልእክተኞች የሰጡበት ዛፍ ቦታው እዚያ ነው። በሚኒባስ አይደረስም፤ መኪና ያዙ፣ ነዳጅ ስታንገር ላይ ሙሉ፣ ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ ሣሩ መዥገር አለው።